ያልታወጀ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በስክሪፕት ቋንቋዎች ዓለም ግን ለአንዳንዱ ስም መልአኩ የጣት ስህተት ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው «ድምር» ብሎ የጀመረውን ተለዋዋጭ አሥር መስመር ወርዶ «ድመር» ብሎ ቢጽፈው፣ አንዳንዱ ቋንቋ አዲስ ሰው እንደተወለደ ቆጥሮ ስሙን ይመዘግብና ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሌላው ደግሞ «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ ይቆማል። ባለሙያው ቫሪያብል፣ የሒሳብ መጽሐፍ ተለዋዋጭ የሚለው ነገር ዋጋ የሚቀመጥበት፣ ስም የወጣለት ቦታ ነው። ስሙን አስቀድሞ ማስታወቅ ማወጅ ይባላል፤ ስሙ የሚታወቅበት የፕሮግራሙ ክፍል ደግሞ ወሰኑ ነው። አበበ የሚባል ልጅ በቤቱ ውስጥ «አበበ» ከተባለ ይበቃዋል፤ ቀበሌ ሲሄድ የአባቱ ስም ይጨመርለታል፤ ፓስፖርት ሲያወጣ የአያቱም ይከተላል። ወሰንም ይኸው ነው፦ አንድ ስም ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ማንን እንደሚጠራ የሚወስን አጥር። ጀማሪ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይማረዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን «ስሙ አልተገለጸም»፣ «የውስጥ ተለዋዋጩ ዋጋ ሳይሰጠው ተጠራ»፣ «ከመነሻው በፊት ሊደረስበት አይቻልም» የሚሉ መልእክቶች ለዓመታት ይከተሉታል፤ የሚነገረውም ጥፋቱ የእርሱ ግድየለሽነት እንደሆነ ነው። እኔ ግን መልእክቶቹን የማያቸው እንደ ታሪክ ቅሪት ነው። የስክሪፕት ቋንቋዎች አዋጅን ትተው ተወለዱ፤ ከታሰበላቸው መጠን በላይ አደጉ፤ ከዚያ አዋጁን በጓሮ በር መልሰው አስገቡት። አንድ የስህተት መልእክት ምን እንደሚልና መቼ እንደሚናገር የሚወስነው ያ በር በየትኛው ዓመትና በምን ሰበብ እንደተከፈተ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከስክሪፕት ቋንቋዎች በፊት ይጀምራል። በጆን ባከስ የተመራ ቡድን ሠርቶት አይቢኤም በ1957 ለ704 ኮምፒውተሩ ያወጣው ፎርትራን ተለዋዋጭን ማወጅ ግዴታ አላደረገም። ስሙ ከ«አይ» እስከ «ኤን» ካሉት ስድስት የላቲን ፊደላት በአንዱ ከጀመረ ሙሉ ቁጥር፣ በሌላ ፊደል ከጀመረ ነጥብ ያለው ቁጥር ይሆናል። ደንቡ የተቀዳው ተራ ቁጥርን «አይ»፣ «ጄ»፣ «ኤን» እያሉ መጻፍ ከሚወዱት የሒሳብ ሰዎች ልማድ ነው። ፕሮግራም በካርድ ላይ እየተበሳ በሚገባበት ዘመን ጥቂት መስመር መቆጠብ ቀላል ቸርነት አልነበረም። ቸርነቱ ግን ዕዳ ነበረበት። ፎርትራን በቃላት መካከል ያለውን ክፍተት ከቁም ነገር አይቆጥርም ነበርና፣ ከ1 እስከ 10 እየቆጠርክ ድገም ለማለት «ዱ 10 አይ = 1,10» ተብሎ በሚጻፈው ትእዛዝ ላይ በነጠላ ሰረዙ ፈንታ ነጥብ ቢገባ፣ ኮምፓይለሩ ቃላቱን ያጣብቅና «ዱ10አይ» የሚባል ተለዋዋጭ ፈጥሮ 1.10 የሚል ዋጋ ያስቀምጥበታል። ማንም ያላወጀው፣ ማንም ያላሰበው ስም በሰላም ይወለዳል፤ ድግግሞሹ ግን ቀርቷል።

ይህ የነጥብ ስህተት ጁላይ 22 ቀን 1962 ወደ ቬነስ ተተኩሳ በ293ኛው ሴኮንድ ከምድር በተላለፈ ትእዛዝ እንድትፈነዳ የተደረገችውን መንኮራኩር፣ ማሪነር 1ን፣ አጠፋት የሚል ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ታሪኩ ሁለት ነገር ያምታታል። በማሪነር ላይ የተገኘው የሶፍትዌር ጉድለት በመምሪያ ቀመሩ ውስጥ ከአንድ ምልክት በላይ መሰመር የነበረበት አግዳሚ ጭረት መቅረቱ ነው። የነጥቡ ስህተት የተገኘው ለሜርኩሪ ፕሮጀክት ምሕዋር በሚያሰላ ፕሮግራም ውስጥ ሲሆን ጉዳት ሳያደርስ ታርሟል። ተረቱ ከእውነቱ ይልቅ ለምን እንደተስፋፋ መገመት አያዳግትም፤ በዝምታ የተወለደ ስም ሮኬት ሲያወርድ ማሳየት ለመምህር የሚመች ምሳሌ ነው። እውነቱ ግን ለዚህ ክርክር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ስህተቱ የተያዘው በቋንቋው ሳይሆን ውጤቱን በተጠራጠረ ሰው ዓይን ነበርና። ፎርትራን ራሱ መናገር የተማረው ዘግይቶ ነው። «ኢምፕሊሲት ነን» የተባለውን፣ «ያልታወጀ ስም አትቀበል» የሚል መስመር የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1978 በተጨማሪ ደረጃ አጸደቀው፤ ወደ ቋንቋው ዋና ደረጃ የገባው በፎርትራን 90 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ዛሬም ቢሆን መስመሩን መጻፍ የጸሐፊው ፈንታ ነው፤ ካልጻፈው የ1957ቱ ደንብ በሥራ ላይ ነው።

መፍትሔው ግን ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር። በጃንዋሪ 1960 ፓሪስ የተሰበሰቡትና ሪፖርታቸውን ፒተር ናውር ያዘጋጀላቸው 13 ሰዎች በአልጎል 60 ውስጥ ብሎክ የሚባለውን ነገር በሥርዓት አቆሙት። በ«ቢጊን» ይከፈታል፣ በ«ኤንድ» ይዘጋል፤ በመክፈቻው ላይ የታወጀ ስም በመዝጊያው ላይ ይሞታል፤ የውስጠኛው ብሎክ ከውጪው ጋር ሞክሼ የሆነ ስም ቢያውጅ ሁለቱ አይነካኩም። ወሰኑ የሚታየው ከጽሑፉ ነው፦ ወረቀቱን የያዘ አንባቢ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ እያንዳንዱ ስም የማን እንደሆነ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል። ይህን ጽሑፋዊ ወሰን እንበለው። ተቃራኒው ሩጫዊ ወሰን ነው፤ በዚያ አንድ ስም ማንን እንደሚጠራ የሚወሰነው ፕሮግራሙ በሚሮጥበት ሰዓት ማን ማንን እንደጠራ ታይቶ ነው። የሁለተኛው ወሰን ትልቁ ምሳሌ ጆን ማካርቲ ከ1958 ጀምሮ በኤምአይቲ የሠራው ሊስፕ ነው፤ እርሱም ሆን ተብሎ የተመረጠ አልነበረም። ማካርቲ ራሱ በ1978 ስለ ሊስፕ ታሪክ ሲጽፍ የተፈለገው ጽሑፋዊው ወሰን እንደነበር፣ የተገኘው ግን ሌላው እንደሆነ፣ ችግሩ ሲነገረውም ቶሎ የሚታረም ተራ ግድፈት እንደመሰለው አስረድቷል። ግድፈቱ ቶሎ አልታረመም። ኤምአይቲ ውስጥ ሰስማንና ስቲል ጽሑፋዊ ወሰን ያለውን ስኪም የሠሩት በ1975 ነው፤ የኢማክስ ጽሑፍ ማረሚያ የሚጠቀምበት ሊስፕ ጽሑፋዊ ወሰንን በአማራጭ የተቀበለው በ2012 በወጣው እትም 24 ነው። ሪቻርድ ስቶልማን ደግሞ በ1981 ሩጫዊውን ወሰን ደግፎ ጽፏል፤ ተጠቃሚ የፕሮግራሙን አንጀት ሳይነካ ባሕርዩን ከውጭ መቀየር እንዲችል ያስፈልጋል ሲል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ኢማክስን ኢማክስ ያደረገው በከፊል ይህ ልቅነት ነው።

ታዲያ አልጎል በ1960 ያወቀውን ነገር ከእርሱ በኋላ የመጡት የስክሪፕት ቋንቋዎች ለምን ተዉት? መልሱ የፕሮግራሙ ቁመት ላይ ነው። አሆ፣ ዋይንበርገርና ከርኒሃን በ1977 ኦክ የተባለውን ቋንቋ በቤል ላብስ ሲሠሩ ያሰቡት አንድ ሁለት መስመር የሚሆን፣ በትእዛዝ መስጫው ላይ ተጽፎ ሥራው ሲያበቃ የሚጣል ፕሮግራም ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አዋጅ ማስጻፍ ለአንድ ስኒ ቡና ድንኳን እንደመትከል ነው። ስለዚህ ስም ሲጠራ ይፈጠራል፤ ዋጋው ባዶ ወይም ዜሮ ይሆናል፤ ከዳር እስከ ዳርም ይታያል። ሰዎች ግን ረጅም ረጅም ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ፤ በ1985ቱ እትም ፈንክሽን፣ ማለትም ሲጠራ ሥራውን የሚያከናውን የፕሮግራም ቁራጭ፣ ተጨመረ፤ ያኔ የፈንክሽኑ የውስጥ ስም ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። የተሰጠው መልስ በቋንቋዎች ታሪክ ውስጥ ካየኋቸው ብልሃቶች ሁሉ የሚያስቀው ነው፦ የፈንክሽኑ መቀበያ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ማንም የማይሞላቸው ትርፍ ስሞች ይደረደራሉ፣ እነርሱ የውስጥ ተለዋዋጭ ሆነው ያገለግላሉ፤ ከእውነተኞቹ መቀበያዎች የሚለዩት በመሀል በሚተው ሰፋ ያለ ክፍተት ብቻ ነው። ክፍተቱ ለሰው ዓይን የተቀመጠ ነው፤ ለማሽኑ ትርጉም የለውም። አዋጅ የሌለው ቋንቋ አዋጅ ሲያስፈልገው ባዶ ቦታን አዋጅ አደረገ።

ትእዛዝ ተቀባዩ የዩኒክስ ሼልም እንዲሁ ነው። ስቲቨን ቦርን የጻፈውና በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር የወጣው ሼል ያልታወቀ ስም ሲያጋጥመው ባዶ ጽሑፍ ተክቶ ያልፋል። በጃንዋሪ 2015 በሊኑክስ ላይ ለሚሠራው የስቲም የጨዋታ ፕሮግራም የተጻፈ ስክሪፕት ይህ ዝምታ እስከ ምን እንደሚደርስ አሳየ። ስክሪፕቱ የፕሮግራሙን አቃፊ አድራሻ በአንድ ተለዋዋጭ ይይዝና «በዚህ አቃፊ ሥር ያለውን ሁሉ አጥፋ» ይል ነበር። አቃፊው ከቦታው በተነሳበት ኮምፒውተር ላይ ተለዋዋጩ ባዶ ሆነ፤ ትእዛዙም «ከሥሩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚል ሆኖ ተነበበ፤ የተጠቃሚው ፋይሎች ጠፉ። «ሴት» የሚለው ትእዛዝ «ዩ» ከሚባል ምልክት ጋር ቢጻፍ ሼሉ ዋጋ ያልተሰጠውን ስም ሲያይ ይቆማል፤ ይህ አጥር ሁልጊዜ በሼሉ ውስጥ አለ፣ ነገር ግን ካልጠሩት አይመጣም። ደግሞም ስም የታወቀ ሆኖ ዋጋው ባዶ ከሆነ አጥሩ አያግደውም፤ የአዋጅ ጉዳይና የዋጋ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የፐርል ታሪክ የዚህ ሁሉ መካከለኛ ምዕራፍ ነው። ላሪ ዎል በዲሴምበር 1987 ያወጣው ፐርል ከኦክና ከሼል ብዙ ወርሷል፤ ስሞች ሁሉ የጋራ ነበሩ። «ሎካል» የሚለው ቃል ነበረው፤ ግን እርሱ የውስጥ ስም አይፈጥርም። የጋራውን ስም ዋጋ ለጊዜው ያስቀምጥለትና ፈንክሽኑ ሲያበቃ ይመልስለታል፤ በመሀል የተጠራ ሌላ ፈንክሽን ሁሉ አዲሱን ዋጋ ያያል። ሩጫዊ ወሰን ነው። በኦክቶበር 1994 የወጣው ፐርል 5 «ማይ» የሚል ቃል ጨመረ፤ ትርጉሙ «የእኔ» ነው፣ ግዕዝ ለሚያውቅ ጆሮ ግን ውሃ። «ማይ» የተባለለት ስም ከተጻፈበት ብሎክ አይወጣም፤ ከአልጎል 34 ዓመት በኋላ ጽሑፋዊው ወሰን ወደ ፐርል ገባ። አብሮት «ዩዝ ስትሪክት» የሚል መስመር መጣ፤ ይህን መስመር ከላይ የጻፈ ሰው ያላወጀውን ስም ከጠራ ፕሮግራሙ ገና መሮጥ ሳይጀምር ይከለከላል። የመልእክቱ አነጋገር ግን ጀማሪን ግራ ያጋባል፦ ተለዋዋጩ አልታወጀም አይልም፤ «የጋራ የሆነው ስም ግልጽ የጥቅል ስም ያስፈልገዋል» ይላል። እንዲህ የሚለው ለምንድን ነው? በፐርል ዓይን ያልታወጀ ስም ስህተት ሆኖ አያውቅም፤ እስከዚያ ድረስ የጋራ ስም ነበር፣ የጋራ ስም ደግሞ የሚኖርበት ጥቅል አለው። ስለዚህ ቋንቋው አዲሱን ሕግ የነገረው በአሮጌው ሕግ ቃላት ነው። በኋለኞቹ እትሞች «ማይ ብለህ ማወጅ ረስተህ ይሆን?» የሚል ጥያቄ በቅንፍ ታከለበት፤ አሮጌው ዓረፍተ ነገር ግን አልተነሳም። በ2010 ከወጣው 5.12 ጀምሮ «ይህን እትም ተጠቀም» የሚል መስመር የጻፈ ሁሉ ጥብቁን ደንብ አብሮ ያገኛል። ምንም መስመር ያልጻፈ ፕሮግራም እስካሁን በልቅነቱ ይሮጣል።

ፒኤችፒ ላይ ነገሩ ወደ ደኅንነት ጉዳይ ተሻገረ። ራስመስ ለርዶርፍ በ1995 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ የድረ ገጽ ቋንቋ በአንድ በኩል ከሌሎቹ ይልቅ ጥንቁቅ ነበር፤ ፈንክሽን ከውጭ ያለን ስም «ግሎባል» ተብሎ ካልተነገረው አያይም። በሌላ በኩል ግን ጎብኚው በአድራሻው ላይ የጻፈውን ሁሉ በራሱ ጊዜ ወደ ተለዋዋጭነት ይለውጥ ነበር። የይለፍ ቃሉ ትክክል ከሆነ «ተፈቅዷል» የሚባለውን ስም እውነት የሚያደርግ፣ ትክክል ካልሆነ ግን ምንም የማይል ገጽ አስቡ። ጸሐፊው ስሙን መጀመሪያ ላይ ሐሰት ብሎ ማስጀመርን ረስቷል። ጎብኚው በአድራሻው መጨረሻ ላይ «ተፈቅዷል=1» ብሎ ቢጨምር ስሙ ከደጅ መጥቶ ተወለደ፤ በሩም ተከፈተ። ባለቤት የሌለው ስም የመጣው ሁሉ የሚወርሰው ርስት ሆነ። ይህ አሠራር በ2002 በወጣው 4.2 እትም እንደ ነባሪ እንዲዘጋ ተደረገ፣ በ2012 በ5.4 ጨርሶ ወጣ። ያልታወቀ ስም መጥራትን በተመለከተም የቋንቋው ድምፅ ቀስ በቀስ ነው የጎላው፤ ለዓመታት ማስታወሻ ብቻ የነበረው በ2020 በፒኤችፒ 8 ማስጠንቀቂያ ሆነ። ሹክሹክታው ድምፅ እስኪሆን ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ።

ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው የጃቫስክሪፕት ታሪክ ነው። ብሬንደን አይክ በሜይ 1995 ኔትስኬፕ ውስጥ በአሥር ቀን የመጀመሪያውን ቅርጽ ሠራው። «ቫር» በሚል ቃል ማወጅ ይቻላል፤ ነገር ግን «ቫር» በብሎክ አይታጠርም፣ ወሰኑ መላው ፈንክሽን ነው። አዋጁ በፈንክሽኑ የመጨረሻ መስመር ላይ ቢጻፍ እንኳ ስሙ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንደታወቀ ይቆጠራል፤ ዋጋው ብቻ ገና አልደረሰም። ነጋሪት ያልተጎሰመለት አዋጅ ከመነገሩ በፊት ጸንቶ ሲገኝ እንደማለት ነው። «ቫር» ጭራሽ ከተረሳ ደግሞ ዋጋ የተሰጠው ስም የገጹ ሁሉ የጋራ ንብረት ይሆናል፤ ከሌላ ኩባንያ የመጣ ማስታወቂያ የሚያስኬደው ስክሪፕት ሞክሼ ስም ቢጠቀም ሁለቱ አንዱን ቦታ ይሻማሉ። ዳግላስ ክሮክፎርድ በ2008 በታተመው መጽሐፉ ከቋንቋው ጥፋቶች ሁሉ የከፋው ይህ በጋራ ስሞች ላይ መመሥረቱ እንደሆነ ተከራክሯል። ጸሐፊዎች በበኩላቸው መላ ዘየዱ፤ ወሰን የሚፈጥረው ፈንክሽን ብቻ ስለሆነ ሙሉ ፕሮግራማቸውን ስም በሌለው ፈንክሽን ከበቡትና ፈንክሽኑን እዚያው ጠሩት። አጥር ስለጠፋ ቤት ሠሩ።

የዚህ ቋንቋ አዋጅ በሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ ሁለቱም አመላለሶች የተቀረጹት አሮጌውን ድረ ገጽ ላለማፍረስ በነበረው ፍርሃት ነው። በዲሴምበር 2009 የጸደቀው አምስተኛው እትም ጥብቅ ደንብ አመጣ፤ ያልታወጀ ስም ላይ ዋጋ ማስቀመጥ ስህተት ሆነ። ደንቡን የሚጠራው መስመር ከፐርል ጋር አንድ ዓይነት ሐረግ ነው፤ ነገር ግን በጥቅስ ውስጥ የተቀመጠ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይጻፋል፤ ምክንያቱም ደንቡን የማያውቅ አሮጌ ብራውዘር ተራ ጽሑፍ ሲያይ ምንም ሳያደርግ ያልፈዋል። በጁን 2015 ደግሞ «ሌት» እና «ኮንስት» ገቡ። (ለአማርኛ ጆሮ «ሌት» የቀን ተቃራኒ ነው፤ ቃሉ በፕሮግራም ዓለም ከኬሜኒና ከኩርዝ የ1964 ቤዚክ ጀምሮ የቆየ ቢሆንም በዚያ ሥራው ዋጋ መስጠት እንጂ ወሰን ማጠር አልነበረም።) አዲሶቹ ቃላት በብሎክ ይታጠራሉ። «ቫር»ን ማረም ግን አልተቻለም፤ ከቁጥር በላይ የሆኑ ገጾች በእርሱ ላይ ቆመዋል። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ ቃል ቆመ። ከአዋጁ በፊት ስሙን መጥራትም በአዲሱ ሕግ ስህተት ሆነ፤ ከብሎኩ መክፈቻ እስከ አዋጁ መስመር ያለውን ስፍራ ባለሙያዎቹ የጊዜ ሙት ቀጠና ይሉታል። «ከመነሻው በፊት ሊደረስበት አይቻልም» የሚለው መልእክት የሚመጣው ከዚያ ነው። ምክንያቱ «ኮንስት» ነው፦ ዋጋው አይለወጥም የተባለ ስም አንዴ «ያልተገለጸ»፣ አንዴ ትክክለኛ ዋጋውን ይዞ ከታየ ሁለት ዋጋ ነበረው ማለት ይሆናል። ተማሪው «ስሙን እኮ አውጄዋለሁ!» ብሎ ሲያማርር እውነቱን ነው፤ አውጆታል፣ ሰዓቱ ነው ያልደረሰው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሣል። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚሠራ ሰው አልጎልን ያላነበበ ወይም የቸኮለ ነው፤ ታሪኩ የድንቁርና ታሪክ ነው ሊባል ይችላል። ችኮላው በጃቫስክሪፕት ላይ የማይካድ ነው፤ ድንቁርናው ግን አልነበረም። አይክ ወደ ኔትስኬፕ የመጣው በብራውዘር ውስጥ ስኪምን ትሠራለህ ተብሎ ነው፤ ጽሑፋዊ ወሰንን የሚያውቅ ብቻ ሳይሆን የሚወድ ሰው ነበር፣ የጃቫስክሪፕት ፈንክሽኖችም ከስኪም የተወረሱ ናቸው። ቦርን በአልጎል የሠለጠነ ሰው ነበር፤ የሼሉ አጻጻፍ ሳይቀር የአልጎል 68ን መልክ ይዟል። ከርኒሃን ደግሞ የሲን ቋንቋ ዋና መጽሐፍ ከዴኒስ ሪቺ ጋር የጻፈ ነው፤ ሲ ውስጥ አዋጅ ግዴታ ነው። እነዚህ ሰዎች አዋጁን የተዉት ሳያውቁ ሳይሆን አንባቢያቸውን ስለገመቱ ነው። ጆን አውስተርሃውት በ1998 ስለ ስክሪፕት በጻፈው ጽሑፍ ይህን ግምት በግልጽ ተከራክሮለታል፤ የስክሪፕት ቋንቋ ተግባር በሌላ ቋንቋ የተሠሩ ዕቃዎችን ማጣበቅ ነው፣ ለማጣበቂያ ደግሞ ጣጣ አይብዛ። ክርክሩ የተለዋዋጩን ዓይነት፣ ማለትም ቁጥር ወይም ጽሑፍ መሆኑን፣ ስለ ማወጅ ነበርና ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ቋንቋ ቲሲኤል ግን በፈንክሽን ውስጥ ያለን ስም ካልተነገረው በቀር የውስጥ ያደርገዋል። አጭርነትና የወሰን ሥርዓት አብረው መኖር እንደሚችሉ ራሱ ምስክር ነው። የተሳሳተው ግምት ስለ ሰው ልጅ ነበር፦ የሚሠራ ስክሪፕት አይጣልም። አንድ መስመር አሥር ይሆናል፣ አሥሩ ሺህ፣ ሺሁን የጻፈው ሰው ሥራ ይለቅቃል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ፓይተን አዋጅን አላስገባም፤ ጊዶ ቫን ሮሱም በ1991 ካወጣው ጀምሮ ዓለምን የሞላው አዋጅ ሳይኖረው ነው። ታዲያ አዋጅ የግድ ይመለሳል የሚለው ንግግር የት ሊቆም ነው? መልሱ ፓይተን አዋጁን አልተወም፣ ደበቀው ነው። በፓይተን ዋጋ መስጠት ማለት ማወጅ ነው፤ በፈንክሽን ውስጥ አንድ ቦታ እንኳ ዋጋ የተሰጠው ስም በፈንክሽኑ ሙሉ የውስጥ ስም ይሆናል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ያላየ ጀማሪ የለም ማለት ይቻላል። ከውጭ «ቁጥር = 0» ተብሎ፣ በፈንክሽን ውስጥ «ቁጥር = ቁጥር + 1» ቢጻፍ፣ ግራ በኩል ያለው ስም «ቁጥር»ን የውስጥ ያደርገዋል፤ ቀኝ በኩል ያለውም ያንኑ የውስጥ ስም ይጠራል፤ እርሱ ግን ገና ዋጋ የለውም። ፓይተን «የውስጥ ተለዋዋጩ ዋጋ ሳይሰጠው ተጠራ» ብሎ ይቆማል። ጸሐፊው የውስጥ ተለዋዋጭ አልፈጠርኩም ይላል፤ ቋንቋው ፈጥረሃል ይለዋል። ሁለቱም ያዩት አንዱን መስመር ነው። «ግሎባል» የሚለው ቃል ይህን ለማስታረቅ ከጥንት አለ። ፈንክሽን በፈንክሽን ውስጥ ሲጻፍ ግን መሀል ያለው ስም እስከ 2001 ድረስ አይታይም ነበር፤ በዚያ ዓመት በጄረሚ ሂልተን ሐሳብ መሠረት 2.1 እትም በፈቃደኝነት፣ 2.2 በግዴታ አሳየው። ማየት ተቻለ፤ መለወጥ ግን አልተቻለም፤ ለዚያ «ኖንሎካል» የሚል ቃል እስከ ዲሴምበር 2008፣ እስከ ፓይተን 3.0 መጠበቅ ነበረበት። ሁለቱ ቃላት አዋጆች ናቸው፤ የሚያውጁት ግን «ይህ ስም የእኔ አይደለም» ብለው ነው። የሌለ አዋጅን በአሉታ መልሶ ማስገባት እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ከታሪክ አልፎ አመክንዮ ይመጣል። አዋጅ ከሌለ ቋንቋው መገመት አለበት፦ በውስጠኛው ፈንክሽን ዋጋ የተሰጠው ስም አዲስ ነው ወይስ የውጪው ነው? ፓይተን አዲስ ነው ብሎ ይገምታል። በ2009 ጄረሚ አሽከናስ ያወጣው ኮፊስክሪፕት በተቃራኒው፣ ከውጭ ሞክሼ ካለ የውጪው ነው ብሎ ይገምታል። በፓይተን የውጪውን ለመለወጥ ያሰበ ሰው ሳያውቅ አዲስ ይፈጥራል፤ በኮፊስክሪፕት አዲስ ለመፍጠር ያሰበ ሰው ከሁለት መቶ መስመር በላይ ያለ የሌላ ሰው ስም ይደፈጥጣል። ሩቢ ውስጥ ብሎክ ወደ ውጪው ስም ይደርሳል፤ በ1.9 እትም የብሎኩ መቀበያዎች የብሎኩ ብቻ እንዲሆኑ የተደረገውም ከዚህ ጉዳት የተነሣ ነው። ከሁለቱ ግምቶች የትኛውም ሞኝነት አይደለም፤ ግን የትኛውም ለሁሉ ጸሐፊ አይሆንም፣ ሐሳቡ በጽሑፉ ላይ የለምና። በሪዮ ዴ ጃኔሮ በ1993 የተወለደው ሉዋ ደግሞ ያልታወጀን ስም የጋራ ያደርግና «ሎካል» የሚል ቃል ለሚፈልግ ያቀርባል፤ የግምቱ አቅጣጫ ተለወጠ እንጂ ግምቱ አልቀረም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፦ ቋንቋውን ተዉት፣ ኮድ የሚመረምሩ መሣሪያዎች አሉ። ክሮክፎርድ ለጃቫስክሪፕት የሠራው መርማሪ ጥብቁ ደንብ ከመጽደቁ ከዓመታት በፊት ያልታወጀ ስም ያጋልጥ ነበር፤ የፓይተን መርማሪዎችም ተጽፎ ያልተነበበ ስም ሲያዩ ይጠቁማሉ። እውነት ነው፣ ብዙ ጥፋት አስቀርተዋል። ነገር ግን መርማሪው በየትኛው ስም ላይ እንደሚጮህ የሚያውቀው ቋንቋው በሰጠው ማስረጃ መጠን ነው፤ አዋጅ በሌለበት «ተሳስቷል» የሚለው ራሱ በግምት ነው።

ግምቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የእኛ ፊደል ከማንም በላይ ያሳያል። ፓይተን ከ3.0 ጀምሮ፣ ጃቫስክሪፕትም እንዲሁ፣ ተለዋዋጭን በግዕዝ ፊደል መሰየም ይፈቅዳሉ። የላቲን ጸሐፊ ስም የሚያሳስተው ጣቱ ሲስት ነው፤ አማርኛ ጸሐፊ ግን ጣቱ ሳይስት፣ ሁለቱም ትክክል በሚባሉ አጻጻፎች ሊያሳስት ይችላል። አንዱ «ዓመት» ይላል፣ ሌላው «አመት»፤ አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ»፤ «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት እንደምንጽፋት ይታወቃል። ፓይተን ስሞችን ከማወዳደሩ በፊት የዩኒኮድ ማስተካከያ ያካሂዳል፤ ያ ማስተካከያ ግን ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አያዋህድም፤ ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ድምፃቸው አንድ መሆኑ አይመለከተውም። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ካዘጋጃቸው የኢትዮጵያ ፊደል ሞጁሎች መካከል አንዱ የአማርኛ ቃላትን በድምፃቸው ለማገናኘት የተሠራ ነው፤ እርሱ ግን የሚሠራው ፕሮግራሙ በሚያነበው ጽሑፍ ላይ እንጂ በፕሮግራሙ የተለዋዋጭ ስሞች ላይ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በሚጽፉት አንድ ፕሮግራም ውስጥ አንደኛው «ዓመት = 2017» ብሎ ሁለተኛው ታች ላይ «አመት = 2018» ቢል፣ ፓይተን ሁለት ተለዋዋጮችን ይይዛል፤ የላይኛው 2017 እንደሆነ ይቀራል፣ ምንም መልእክት አይመጣም። ያንኑ በጃቫስክሪፕት ላይኛውን በ«ሌት» አውጆ፣ ከላይ ጥብቁን ደንብ ጠርቶ ለሚጽፍ ሰው ግን የታችኛው መስመር ላይ ሲደርስ ማሽኑ ይቆማል፤ «አመት» አልተገለጸም ይላል።